የማይታይ ጠላትም ቢሆን የቆመበት ቦታ ይኑረው

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከበናል። ሁለት ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ሳህን ቆሎ፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ባለ 20 ገጽ ዳይሶች። ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ልትጫወት አብራኝ መጥታለች። ሳምንት ሙሉ ስነዘንዛት ከርሜ ነው እሺ ያለችው። ጦረኛ መረጠች፣ ስም አወጣችላት፣ የትውልድ መንደሯን ሳይቀር ጻፈችላት። እኔ እንኳ ለገጸ ባሕርዬ እንዲህ አልደከምኩም።

የዕለቱ ጠላታችን «ኢንቪዝብል ስቶከር» ነው። ከነፋስ የተሠራ፣ ተልኮ የሚያድን፣ ተፈጥሮው ራሱ የማይታይ ፍጡር። ይመታናል፤ እናያለን ብንል የለም። እህቴ ተራዋ ሲደርስ ሰነዘረች። ሳተች። በሁለተኛው ተራ ሰነዘረች። ሳተች። በሦስተኛውም ሳተች። በአራተኛው እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጨዋታውን የሚመራውን ወዳጃችንን ቀና ብላ አየችው።

«የት ነው የቆመው?»

«አይታይሽም እኮ የኔ እህት።»

«እኔን ተወኝ። ላንተስ ይታይሃል?»

ዝም አለ። ቆሎ ዘገነ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ለእሱም አይታየውም! ፍጡሩ የትም አልቆመም። ልጅቷ ስትሰነዝር «ሳትሽ» ይላል፣ እኛን መምታት ሲያስፈልግ ደግሞ አጠገባችን ይፈጥረዋል። ለአርባ ደቂቃ ያህል ስንዋጋ የነበረው ከጠላት ጋር ሳይሆን ከአንድ ወዳጃችን ስሜት ጋር ነበር።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ፤ የምታውቁት ዝለሉት። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዓለሙን ይመራል፤ «ዲኤም» እንለዋለን። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን እንገባለን። ዲኤሙ ጭራቁንም፣ ባለሱቁንም፣ ዝናቡንም ይጫወታል። የምናደርገውን እንናገራለን፣ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ግን በአንድ ያልተጻፈ ስምምነት ላይ ነው። ዲኤሙ እኛ የማናውቀውን ያውቃል፤ የሚያውቀውም ነገር በእርግጥ አለ። በሩ ኋላ ወጥመድ አለ ካለ፣ ሳንከፍተውም አለ።

ጋዜጠኝነት የተማርኩ ነኝና አንድ የክፍል ትምህርት ልጥቀስ (ዲግሪው ለዚህ እንኳ ይጥቀመኝ)። ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ ምንጭ አለ። ስሙን ለአንባቢ አትነግሪም፣ መልኩን አትገልጪም፣ መሥሪያ ቤቱንም ታድበሰብሺዋለሽ። ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ሰውየው ግን በማስታወሻ ደብተርሽ ውስጥ መኖር አለበት። አርታኢሽ በሩን ዘግቶ «ማነው?» ሲልሽ የምትሰጪው ስም ከሌለሽ፣ ምንጭ አልደበቅሽም፤ ምንጭ ፈጥረሻል። አንዱ ሙያ ነው፣ ሌላው ከሥራ የሚያስባርር ውሸት።

የማይታየው ጠላትም ነገሩ ይኸው ነው። ቦታውን ከተጫዋች መደበቅ የዲኤሙ ሥራ ነው። ቦታ ሳይኖረው «ሳትሽ» ማለት ግን ፈጠራ ነው። እና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ የሚደረገው ሁለተኛው ነው።

«ደንቡ እንዲያ ይላል እኮ» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ደንቡን እንይ። የ2014ቱ መጽሐፍ የማታየውን ጠላት ስትመታ ሁለት ዳይስ ጥለህ ትንሹን ትወስዳለህ ይላል። የመታህበት ቦታ ላይ ጠላቱ ከሌለ ደግሞ ያለምንም ጥያቄ ሳትክ፤ ዲኤሙም አብዛኛውን ጊዜ «ሳትክ» ብቻ ይላል እንጂ ቦታውን መገመት አለመገመትህን አይነግርህም። ወዳጆቻችን የሚንጠለጠሉት በዚህች ላይ ነው። ግን ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ስህተት እንዳለ ያውቃል። ዳይሱ ያሳተህ አለ፣ ቦታው ያሳተህ አለ። ዲኤሙ የትኛው እንደሆነ እንዳይናገር ይመክረዋል። የትኛው እንደሆነ እንዳያውቅ ግን አልመከረውም።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህም ይብሳል፤ አለመታየትንና መደበቅን አንድ ማድረግ ነው። ልጆች ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል፣ ተደባቂው «አልነጋም» ብሎ ይመልሳል። ዓይኑ የተጨፈነው ልጅ ማንንም አያይም። ድምፁ ከየት እንደመጣ ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ነው፣ ከአጥሩ ጋ ነው እያለ በልቡ ይይዛል። የማይታይ ሁሉ ያልታወቀ አይደለም። የ2014ቱ ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የማይታይ ፍጡር በሚያሰማው ድምፅ ወይም በሚተወው ዱካ ቦታው ሊታወቅ ይችላል። ቦታውም እንዳይታወቅ ከፈለገ መደበቅ አለበት። መደበቅ ደግሞ ነፃ አይደለም፤ በተራው ላይ አንድ ተግባር ይበላበታል፣ ዳይስ ይጥላል፣ የእኛ ማስተዋል ከበለጠው ይነቃበታል። ጠላት በሰነዘረ ቁጥርም፣ ይምታ ይሳት፣ የቆመበትን ያጋልጣል።

አሁን ወደ እኛ ቅዳሜ እንመለስ። ያ የነፋስ ፍጡር በየተራው ይመታን ነበር። ተግባሩን በመምታት ከጨረሰው በምኑ ተደበቀ? አልተደበቀም! በደንቡ ከሄድን እህቴ «ጋሻ ጃግሬያችንን የመታው ከግራ ነው፣ ከዚያም ሲንቀሳቀስ ወደ ምሰሶው ሲያፏጭ ሰማሁ» ብላ ወደዚያ መሰንዘር መብቷ ነበር። እርግጥ ወንዝ የሚያስገመግምበት ቦታ ከሆነ፣ ወይ ፍጡሩ ራቅ ካለ፣ ድምፁ አልተሰማም ማለት የዲኤሙ ፍርድ ነው፤ በዚህ አልጣላም። በጸጥተኛ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ፣ አፍንጫችን ሥር እየመታን ግን…

ሒሳቡንም እንሥራው፤ ሒሳብ የማይወድ አንባቢ አንድ አንቀጽ ይታገሰኝ። የእህቴ ጦረኛ የሚታይ ጠላት ላይ 8 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣች ትመታለች እንበል። ከ20 ቁጥር 13ቱ ይሠሩላታል፤ 65 በመቶ። ጠላቱ የማይታይ ሲሆን ሁለት ዳይስ ጥላ ትንሹን ትወስዳለች፤ ዕድሏ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። ከባድ ነው፣ ግን ውጊያ ነው። አሁን ደግሞ በዙሪያዋ ካሉት 8 ካሬዎች በየትኛው እንዳለ ምንም ፍንጭ አትስጧት፣ በጭፍን ትገምት። 42 ለ8 ሲካፈል 5 በመቶ ግድም ነው። በአማካይ 19 ጊዜ ሰንዝራ አንዴ ትመታለች ማለት ነው። በእኛ ጠረጴዛ ተራ ዞሮ እስኪመጣ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ምት ለማግኘት ከሦስት ሰዓት በላይ! አንድ ቢሮ ሄዳችሁ «ኃላፊው አሁን እዚህ ነበሩ፣ ነገ ተመለሱ» የተባላችሁ እንደሆነ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። እህቴም ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የተናገረችው እሱኑ ነው፤ «ለዚህማ ቅዳሜዬን ከማባክን ሰልፍ ብቆም ይሻለኝ ነበር»።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚመጣብኝ ትልቁ ክርክር «ታሪክ እየነገርን እንጂ ቼዝ እየተጫወትን አይደለም» የሚለው ነው። ቦታ፣ ካሬ፣ ቁጥር ማብዛት ፍርሃቱን ይገድለዋል ይሉኛል። የማይታይ ነገር ሚስጥር ሆኖ ይቅር ይላሉ።

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምለው። ማታ መብራት ሄዶ ብቻችሁን ቤት ናችሁ። ማድ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። የሚያስፈራው ምንድነው? ማድ ቤት መሆኑ ነው! ከእናንተ እስከዚያ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በመሐል አንድ በር ብቻ እንዳለ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ኮሽ ሲል ፍርሃቱ የሚጨምረው ነገሩ ስለቀረበ ነው። የትም የሌለ ነገር አይቀርብም። እኛም ያን ቅዳሜ አልፈራንም፤ የተሰማን መሰልቸት ነበር። ሦስተኛው «ሳትሽ» ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቷል።

ኤች ጂ ዌልስ ስለማይታየው ሰው ልቦለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። እሱ እንኳ ገብቶታል። ሰውየው እንዳይታይ ልብሱን ማውለቅ ስላለበት ብርድ ይገርፈዋል፣ ያስነጥሰዋል። ውሻ ይሸተዋል። የበላው ምግብ እስኪዋሐደው ድረስ ሆዱ ውስጥ ይታያል። በጭቃ ሲረግጥ የመንገድ ልጆች ዱካውን ተከትለው ያባርሩታል። መጽሐፉን የሚያስነብበው ሰውየው አለመታየቱ ብቻ አይደለም፤ አለመታየቱ በየእርምጃው የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ ዲኤሞች የተወለዱትም ከዚህ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፕሩሲያ ውስጥ ሌተናንት ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት «ክሪግስሽፒል» የተባለ የጦርነት ጨዋታ አሳተመ። ሁለት ወገን አለ፣ በመሐል ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ትዕዛዙን ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፤ ዳኛው ደግሞ በካርታው ላይ የሚያስቀምጠው እርስ በርስ ሊታዩ የሚችሉትን ጭፍሮች ብቻ ነው። ጫካ ኋላ ያለው ክፍለ ጦር ካርታው ላይ የለም፤ ዳኛው ግን የት እንዳለ በትክክል ያውቃል። ዳኛ ያስፈለገውም አንዱ ለዚሁ ነው፤ የማይታየውን በታማኝነት የሚይዝ ሰው ይኑር ተብሎ። ዲኤሙ የተቀመጠበት ወንበር ከዚያ የጦርነት ጨዋታ ባህል የተወረሰ ነው። ወንበሩን ወርሶ አደራውን መተው አይሆንም።

ለቤተሰብ በተሠራ ጨዋታ ደግሞ «ስኮትላንድ ያርድ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ፣ በዚያው ዓመት የጀርመንን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት የወሰደ። ሚስተር ኤክስ የሚባል ተፈላጊ በለንደን ካርታ ላይ ተሰውሮ ይንቀሳቀሳል፣ ሌሎቹ መርማሪ ሆነው ያሳድዱታል። ሚስተር ኤክስ እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ ጽፎ ይሸፍነዋል። በታክሲ ይሂድ፣ በአውቶቡስ ወይስ በምድር ውስጥ ባቡር፣ መርማሪዎቹ ያያሉ። በተወሰኑ ተራዎች ላይ፣ ለምሳሌ በ3ኛውና በ8ኛው፣ ራሱን ያሳያል። ለልጆች በተሠራ ጨዋታ ይህ ከተቻለ ሦስት ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ የሚመጣ ዲኤም ምን ያቅተዋል?

ደግሞ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ፤ እዚህ ካላወጣሁት የት ላወጣው ነው። ከሁለት ወር በፊት ተራው የእኛ ነበር። አስማተኛችን በሁለተኛ ደረጃ አስማት ራሷን ሰወረች። አስማቱ ሐሳቧን ከሰበሰበች እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ከሰነዘረች ወይ ሌላ አስማት ከሠራች ይፈርሳል። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ሄደች፣ ለመደበቅ ዳይስ ጣለች፣ 19 አወጣች። ሁለት ተራ ሽፍቶች በር ላይ ቆመዋል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ። «አንድ ነገር ሸቷቸዋል» ተባልን። ዘንዶ ቢሆን እሺ፤ በመጽሐፉ ዘንዶ ሳያይም በዙሪያው ያለውን የሚያውቅበት ስሜት አለው፣ ተጽፏል። ሽፍታ ግን በምን አፍንጫው?

እንግዲህ አስተውሉ። የእነሱ የማይታይ ሲሆን የትም የለም፤ የእኛ የማይታይ ሲሆን ሁሉም ያየዋል። የቆመበት ቦታ ያልተጻፈ ጠላት መጨረሻው ይኸው ነው፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን፣ ሰው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የያዘውን ነገር ሳያውቀው ወደሚፈልገው ጎን ያዘነብለዋል። ወረቀት ግን አያዘነብልም።

መጽሐፎቹንም ከወቀሳ ነፃ አላደርጋቸውም። የ2014ቱ አጻጻፍ ቃል በቃል ከተነበበ፣ የማይታየውን በአስማት የሚያይ ሰው እንኳ ሲመታው ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መውሰድ ነበረበት፤ እያየው! የ2024ቱ ያንን አስተካክሎ ሌላ ጣጣ አመጣ። በአዲሱ ደንብ በርሜል ኋላ ገብቶ መደበቅ የተሳካለት ሰውም «የማይታይ» የሚል ስያሜ ይሰጠዋል፤ በአስማት ለተሰወረውም ያው ስያሜ ነው። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ቃል! «ፓዝፋይንደር» በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የተሻለ አድርጎታል። የታየ፣ ያልታየ ግን ቦታው የታወቀ፣ መኖሩ የታወቀ ግን ቦታው ያልታወቀ፣ መኖሩ ራሱ ያልታወቀ ብሎ አራት ደረጃ አውጥቷል። ቦታው ያልታወቀውን ስትመታ ካሬ ትመርጣለህ፣ ዳይሱን መሪው በድብቅ ይጥልልሃል። እና ልብ በሉ፤ ካሬ ትመርጣለህ ሲል፣ ትክክለኛ ካሬ አለ ማለቱ ነው።

ተጫዋቾችም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ያን ቅዳሜ ሁላችንም አየሩን ስንቀጠቅጥ ዋልን እንጂ «ምን ይሰማኛል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሚመታህ እስኪመታህ ጠብቀህ ያን ጊዜ ለመመለስ መዘጋጀት ይቻላል። «ፌሪ ፋየር» የምትባል የመጀመሪያ ደረጃ አስማት አለች፤ በየጎኑ 20 ጫማ የሆነ ቦታ ላይ ብርሃን ትረጫለች፣ ማምለጥ ያቃተው ሁሉ አካሉ ያበራል፣ አለመታየቱም አይጠቅመውም። አስማተኛችን ይዛት ነበር! ረስታታለች። ጠላቱ ሰው ከሆነ ደግሞ አንቆ መያዝ አለ፤ በ2014ቱም በ2024ቱም መያዝ እንደ ሰይፍ ምት አይቆጠርም፣ ስለዚህ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መውሰድ አይመለከተውም። የተያዘ ሰው ባይታይም የትም አይሄድም። (የእኛው ፍጡር ነፋስ ስለሆነ አይያዝም፤ ያ ሕጋዊ ነው።) ግን ይህ ሁሉ ብልሃት የሚሠራው ጠላቱ አንድ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። በሩን ብትዘጋበት፣ ደረጃው ላይ ውሃ ብትደፋ፣ ዱቄት ብትበትን፣ ዲኤሙ ወረቀቱን አይቶ «አዎ፣ እዚህ ጋ ዱቄቱ አየር ላይ ቀረ» ሊል ይገባል። ቦታ ከሌለው ዱቄቱ ምን ላይ ይረፍ?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ካርታው ላይ ከላይ ፊደል፣ ከጎን ቁጥር ጻፉ። የማይታየው ጠላት ተራውን በጨረሰ ቁጥር፣ ተጫዋች አፉን ሳይከፍት፣ ዲኤሙ ያለበትን ካሬ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ብርጭቆ ሥር ያስቀምጥ። ካልተደበቀ ምን እንደሰማን ይንገረን፤ ከተደበቀም ቢያንስ አንድ ምልክት ይተው፤ የተንቀሳቀሰ መጋረጃ፣ የተንኳኳ ጠጠር። ውጊያው ሲያልቅ ወረቀቶቹን የፈለገ ገልጦ ይይ። ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ለወዳጃችን ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ («አታምኑኝም ማለት ነው?»)፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የተቀዳደደ ወረቀት በኪሱ ሞልቶ መጣ። እህቴን በስንት ልመና መልሼ አመጣኋት። ሌላ የማይታይ ጠላት ገጠመን። ምሰሶው አካባቢ ትንፋሽ ሰማችሁ ተባለ። እህቴ ካርታውን ብዙ አየችና «መ-6» ብላ ሰነዘረች። ሳተች። በሚቀጥለውም ሳተች። በሦስተኛው ወለሉ ላይ ያለውን አሸዋ በእግሯ እየበተነች ዱካ ፈለገች፣ ከዚያ ሰነዘረች፣ 17 አወጣች፣ መታች። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች።

ሲያልቅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። በመጀመሪያው ላይ «መ-7» ይላል። በአንድ ካሬ ነበር የሳተችው። በሁለተኛው ካሬውን አግኝታው ዳይሱ ነበር የከዳት። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ለሚመጣው ቅዳሜ ዱቄት ይዛ እንደምትመጣ ነግራናለች። የእውነት ዱቄት። ምንጣፉ የእናታችን መሆኑን ላስታውሳት ሞክሬያለሁ።